ከማን ምክር እንቀበል? ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የኅሊና ዳኝነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ባለቤቴ በድሎኛል፤ ይቅር ልበለው ወይስ ልለየው?» «የታመመች እናቴን ለእኅቴ ትቼ ወደ ዐረብ ሀገር ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?» «ወንድማችንን የገደሉት ወገኖች ሽማግሌ ልከውብናል፤ ዕርቁን እንቀበል ወይስ እንቢ እንበል?» እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በሀገራችን የሚቀርቡበት ቦታ የታወቀ ነበር። ሰው ልቡ በሁለት ሐሳብ ሲከፈል ወደ ንስሓ አባቱ ይሄዳል፤ አለዚያም የሀገር ሽማግሌን፣ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን፣ በዕድሜ የገፋ ጎረቤቱን ያማክራል። ዛሬ ግን በተለይ በከተማና በውጭ ሀገር የሚኖር ወጣት ጥያቄውን በስልኩ ላይ ጽፎ ቻትጂፒቲን ለመሳሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች ሲያቀርብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መልሱም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ በተስተካከለ ቋንቋና በትሕትና ቃል ይመጣለታል።

ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን ለማውገዝ የተዘጋጀ አይደለም። ብራናም፣ ማተሚያ ቤትም፣ ሬድዮም በየዘመናቸው አዲስ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ተጠቅማባቸዋለች። የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። ሰው «ይህ ደግ ነው፤ ይህ ክፉ ነው» የሚለውን ፍርድ ከማሽን ለመቀበል ይህን ያህል ፈቃደኛ የሆነው ለምንድን ነው? ሲቀበልስ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የነበራቸው አቋም የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዮካናን ቢግማንና ከርት ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ማሽን በሕክምና፣ በፍርድ ቤት፣ በጦር ሜዳና በመንገድ ላይ የሰውን ሕይወት የሚነካ የግብረ ገብ ውሳኔ እንዲሰጥ ሰዎች እንደማይፈልጉ አሳይተው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ማሽን አያስብም፣ አይሰማውም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት ግን ነገሩ መለወጡን ያመለክታል። ለ299 ሰዎች ስለ ልዩ ልዩ በጎና ክፉ ሥራዎች የተሰጡ ሁለት ሁለት ፍርዶች ቀረቡላቸው፤ አንዱን የጻፈው ሰው ሲሆን ሌላውን የጻፈው ማሽን ነው፤ አንባቢዎቹ ግን የትኛው የማን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም። ፍርዶቹን ሲመዝኑ የማሽኑን በቅንነትም፣ በአስተዋይነትም፣ በታማኝነትም ከሰው ፍርድ አስበልጠው አገኙት። በኋላ አንደኛው የማሽን መሆኑ ተነግሯቸው እንዲለዩ ሲጠየቁ አብዛኞቹ መለየት ችለዋል፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት የለዩትም ደካማ ሆኖ ስላገኙት ሳይሆን የተሻለ ሆኖ ስላገኙት ነው።

ከዚህ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን በ2023 እ.ኤ.አ. በጀርመንና በዴንማርክ የሚሠሩ ሦስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው። በፍልስፍና ትምህርት የታወቀ አንድ የፈተና ጥያቄ አለ። ፍሬኑ የተበላሸ ባቡር በሐዲዱ ላይ ወዳሉ አምስት ሰዎች ይገሠግሣል፤ መሥመሩን ብታስቀይረው በሌላኛው ሐዲድ ያለ አንድ ሰው ይሞታል፤ ታስቀይረዋለህ? በሌላ መልኩ ደግሞ፦ ከሐዲዱ በላይ ባለ ድልድይ ላይ ቆመሃል፤ ከጎንህ ያለውን ሰው ገፍተህ ብትጥለው ባቡሩ ይቆማል፤ አምስቱ ይድናሉ፤ ትገፋዋለህ? ተመራማሪዎቹ ለአምስት ሲባል አንዱን መሠዋት ይገባ እንደ ሆነ ቻትጂፒቲን ደጋግመው ጠየቁት። አንድ ጊዜ ይገባል አለ፤ ሌላ ጊዜ አይገባም አለ። ሁለቱንም በእኩል እርግጠኝነትና በእኩል ጨዋነት ተናገረ። ከዚያም እነዚህን እርስ በርስ የሚቃረኑ ምክሮች ለ767 አሜሪካውያን አካፍለው ሰጧቸው። ሰዎቹም የደረሳቸውን ምክር ተከትለው ፈረዱ፤ ምክሩ ከማሽን የመጣ መሆኑን ያወቁት እንኳ ከተጽዕኖው አላመለጡም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፣ ከተሳታፊዎቹ ከዐሥሩ ስምንቱ ያህል «ምክሩ ባይሰጠኝም ውሳኔዬ ይኸው ይሆን ነበር» ማለታቸው ነው። ኅሊናቸው በሌላ እጅ ተመርቶ ሳለ የመራቸውን እጅ አላዩትም።

ሰባራ ድልድይ

የድልድይ ነገር ከተነሣ፣ ከፈላስፎቹ ድልድይ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን በዓባይ ላይ አለ። በምሥራቅ ጎጃም ከሞጣ አካባቢ ወደ ጎንደር ወገን የሚያሻግረው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሁለቱ ወገን ሰዎች በገመድ ይሻገሩ ነበር። በዚህም በዚያም ጠርዝ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ ክፍተቱን በአየር ላይ እየተጎተተ ያልፈዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. በበጎ አድራጊዎች ርዳታ ተጠግኖ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት።

ወገቡን ታስሮ የሚሻገረው ሰው ዐደራውን የሰጠው ለገመዱ አልነበረም። ገመድ ሁሉ ገመድ ነው። ዐደራ የሰጠው ገመዱን ለያዙት ሰዎች ነበር፤ እነርሱም ቢለቁት በነገው ገበያ ፊታቸውን የሚያሳዩበት፣ በደብሩ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር የሚቆሙበት፣ በእግዚአብሔርም ፊት የሚጠየቁበት ሰዎች ናቸው። በሥነ ምግባር ጉዳይ ምክር መቀበልም እንዲሁ ነው። የምክሩ ቃል ማማር ብቻውን አይበቃም፤ ጫፉን የያዘ ሰው ያስፈልጋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሰዎች ሲጽፍ ስለ መምህራን የተናገረው ይህንኑ ነው፤ እነርሱ ስለ ምእመናን ነፍስ የሚተጉት መልስ እንደሚሰጡበት ስለሚያውቁ ነው (ዕብ. 13፥17)። «ቢጎዳህ እኔ እጠየቅበታለሁ» የሚል መካሪና የማይጠየቅ መካሪ አንድ ዓይነት ቃል ቢናገሩ እንኳ አንድ ምክር አልሰጡም።

ስለ ስሙ ጥቂት

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለውን ስያሜ የሀገራችን ሰዎች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለው መልሰውታል። ለቤተ ክርስቲያን ጆሮ ግን ቃሉ ከባድ ነው። ማስተዋል በነቢዩ በኢሳይያስ ዘንድ ከመንፈስ ቅዱስ ሀብታት ጋር የተቈጠረ ነው (ኢሳ. 11፥2)። ሐዋርያውም በጎውንና ክፉውን መለየት በመለማመድ የሚገኝ የበሰሉ ሰዎች ችሎታ መሆኑን ያስተምራል (ዕብ. 5፥14)። ጾምና ጸሎት፣ መውደቅና መነሣት፣ ዕንባና ትዕግሥት ያሠለጠነው ልብ ያስተውላል ማለት ነው።

ማሽኑ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ጽሑፎች አንብቦ፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ከዚያም ሰዎች መልሶቹን እያወዳደሩ «ይህ ይሻላል» እያሉ ነጥብ ይሰጡታል፤ እርሱም ሰው የሚወደውን ዓይነት መልስ መስጠትን ይለምዳል። የሚያስደስት መልስ መስጠት ሲለመድ ወዴት እንደሚያደርስ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ታይቷል። ኦፕንኤአይ የተባለው የቻትጂፒቲ ባለቤት ድርጅት፣ አዲስ ያሻሻለው መርሐ ግብር ከልክ በላይ ተጠቃሚን የሚያወድስና በሁሉ የሚስማማ ሆኖ በመገኘቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ተገድዷል። ሮብዓም የአባቱን ሽማግሎች ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን የሰማው ለልቡ የሚስማማውን ስለ ነገሩት ነበር (1ኛ ነገ. 12፥6-11)። ዛሬ አብሮ አደጉ በኪሳችን ገብቷል።

በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ይጨምራል። እነዚህ ማሽኖች ያነበቡት አብዛኛው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። ለምሳሌ በዊኪፔድያ የእንግሊዝኛው ክፍል ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተጠየቀ የትዳር ጥያቄ በአማርኛ ቃላት ቢመለስም፣ በመልሱ ውስጥ ያለው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወላጅ፣ ስለ ራስ መብትና ስለ ዐደራ ያለው አስተሳሰብ ከሌላ ሀገር ኑሮ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ቁርባን የተቀበሉ ባልና ሚስትን በሕግ ፊት እንደ ተዋዋሉ ሁለት ሰዎች አድርጎ ሲመክር ስሕተቱ በቃላቱ ላይ አይታይም።

እነዚህ ማሽኖች የሌለ ጥቅስ፣ የሌለ ምዕራፍ ፈጥረው በልበ ሙሉነት ሊያቀርቡ መቻላቸውም የታወቀ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. «ካቶሊክ አንሰርስ» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት «አባ ጀስቲን» የሚል ስም የሰጠውን ካህን መሳይ መርሐ ግብር ይፋ አድርጎ ነበር። መርሐ ግብሩ ካህን ነኝ አለ፤ ኑዛዜ ተቀብሎ ሥርየት ሰጠ፤ ሕፃን ጌቶሬድ በተባለው የስፖርተኞች መጠጥ ሊጠመቅ እንደሚችልም ተናገረ። ድርጅቱ በቀናት ውስጥ የክህነት ስሙን ነጥቆ ተራ ምእመን አደረገው። ለሳቅ የሚሆን ነገር ቢሆንም ሳቁ የሚያበቃው እንዲህ ዓይነት መልስ አግኝቶ የሚያምን ሰው መኖሩን ስናስብ ነው። የመጠጡ ነገር ግልጽ ስለ ሆነ ተጋለጠ፤ ስለ ይቅርታ ወይም ስለ ቂም የሚሰጥ የተጣመመ ምክር ግን እንዲህ በቀላሉ አይጋለጥም።

ናታን ባይመጣ ኖሮ

ለዚህ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ የምናገኘው የነቢዩ የናታንና የንጉሡ የዳዊት ታሪክ ነው (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዷል፤ ኦርዮንንም በሰልፍ ግንባር አስቁሞ አስገድሎታል። ናታን ገብቶ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድኃውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ ነገረው። ዳዊትም ተቈጥቶ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነበር! ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አራት ዕጥፍ ይክፈል ማለቱም ከኦሪት የወጣ ነው። የጎደለው የፍርድ ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው ያ ሰው ራሱ መሆኑን ማየት ነበር፤ ይህንንም ናታን ዐይን ዐይኑን እያየ ነገረው።

አሁን ዳዊት ናታንን ባያገኝና ጥያቄውን ራሱ ጽፎ ለማሽን ቢያቀርብ ብለን እናስብ። እንዴት ብሎ ይጽፈው ነበር? «ከጦር መኰንኖቼ አንዱ በሰልፍ ወድቆ ሞተ፤ መበለቲቱን ወደ ቤቴ ወስጄ ልጦራት አስባለሁ፤ ይገባል?» ሊል ይችል ነበር። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ማሽኑም ለመበለት ማዘን የሚያስመሰግን መሆኑን፣ የሐዘኗን ጊዜ እንዲጠብቅ፣ ፈቃዷን እንዲጠይቅ በመልካም ቃል ይመልስለት ነበር። ዳዊትም ተጽናንቶ ይተኛል፤ መዝሙረ ዳዊት 50 አይጻፍም፤ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የምትጸልይበት የንስሓ ጸሎትም አይኖረንም።

ማሽኑ የሚያውቀን በነገርነው መጠን ነው። እኛ ደግሞ ስለ ራሳችን ስንናገር ሁልጊዜ በራሳችን ጠበቃ አፍ እንናገራለን። ጠቢቡ ሰሎሞን አስቀድሞ የሚሟገት ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስገነዝበናል (ምሳ. 18፥17)። በስልኩ ችሎት ባልንጀራው አይመጣም፤ የተበደለችው ሚስት፣ የተካደው ወንድም፣ ውርሱን የተነጠቀው ወላጅ አልባ ልጅ አይቀርቡም። አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ፍርድ ምን ያህል ብልህ ዳኛ ቢፈርደው ያው የአንድ ወገን ፍርድ ነው።

የንስሓ አባት ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል። «ይህን ነገር ባለፈውም ጾም ነግረኸኝ ነበር» ይለዋል። ሲናገር የሚሸሸውን ዐይን ያያል። ጾም ለማይችለው ስግደት፣ ስግደት ለማይችለው ምጽዋት ይሰጣል፤ እንደ ዐቅሙ ቀኖና ያዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጌታ የተቀበለው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው (ዮሐ. 20፥23)፤ ማሽን «ይቅር ተብለሃል» ብሎ ቢጽፍ ያ ቃል ብቻ ነው። ምሥጢሩንም ወደ መቃብር ይዞት ይወርዳል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ሰዎች ለቻትጂፒቲ የሚነግሩት የግል ምሥጢር እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ ንግግር በሕግ የተጠበቀ አለመሆኑን ራሱ ተናግሯል። ኃጢአቱን ለስልኩ የሚናዘዝ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

በጎጃም የደም ዕርቅ ሥርዓትም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ሽማግሎች ትክክለኛውን ፍርድ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ ካሳው ምን ያህል እንደሚሆን፣ ማን ምን እንደሚል በልማዱ የታወቀ ነው። ወራት የሚፈጀው መመላለሱ ነው። ከሟች ቤተሰብ ደጅ ተቀምጠው እንቢታን ይቀበላሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ካህኑ መስቀል ይዞ ይማፀናል። ሐዘንተኛው በመጨረሻ እሺ የሚለው በክርክር ተረትቶ ሳይሆን፣ እነዚህ ሽበታም ሰዎች ለእርሱ ብለው መድከማቸውን አይቶ ነው። «ይቅርታ መልካም ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከስልክ ለማግኘት አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ ደም የተቃባን ሰው ግን አምስት ሰከንድ አያስታርቀውም።

ታዲያ ለምን ወደ ስልኩ ይሄዳሉ?

እዚህ ላይ ወጣቱን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ማሽኑ አይቈጣም፤ አይደክመውም፤ በሌሊት ስምንት ሰዓትም ይመልሳል። ከንስሓ አባቶች ብዙዎቹ የሚሸከሙት የንስሓ ልጅ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ምእመን አባቱን የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን፣ በሩጫ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ካህን ለማግኘት ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። አንዳንዱም ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት ተገሥጾ ያውቃል። ጥያቄውን ያለ ፍርሃት የሚያቀርብበት ቦታ ያጣ ሰው ፍርሃት ወደሌለበት መሄዱ አያስገርምም፤ መፍትሔውም በማሽኑ ላይ ከመዝመት ይልቅ ካህኑን ማግኘት ቀላል ማድረግ ይመስለናል። በሰንበት ትምህርት ቤትና በግቢ ጉባኤ የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ወጣቱን ከንስሓ አባት ጋር በማገናኘት ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ለዚህ ይረዳናል (ሐዋ. 8፥26-39)። ጃንደረባው መጽሐፍ አልጎደለውም፤ የኢሳይያስን ትንቢት በሠረገላው ላይ ያነብ ነበር። ማንበቡን ፊልጶስ አልነቀፈበትም። የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ሲጋብዘውም ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ካነበበው ጀምሮ አስተማረው፤ ወደ ውኃውም አብረው ወረዱ። የዛሬውም ወጣት ማሽኑን ጥቅስ ለመፈለግ፣ የማያውቀውን ቃል ለመረዳት፣ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፈውን ለመሰብሰብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ያገኘውንም ከመጽሐፉ ጋር እያመሳከረ። «መጽሐፍ ስለ ዕዳ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ዕዳ ልካደው?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው።

ከማሽኑ ምክር ተቀብሎ ልቡ ወደዚያ ያዘነበለ ሰው ካለም፣ መልሱን እንደ ተጻፈ ይዞ ወደ ንስሓ አባቱ ቢሄድ ነውር የለውም፤ ከቶ አለመሄድ ነው የሚጎዳው። አባቶችም ልጃቸው «ስልኬን ጠይቄ ነበር» ሲል ከመቈጣት አስቀድመው እስከ መጨረሻው እንዲያነብላቸው ቢያደርጉ መልካም ነው። ካነበበ በኋላ የመልሱን ስሕተት መፈለግ የመጀመሪያው ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ስሕተት ላይኖረው ይችላል። የሚሻለው ጥያቄውን ራሱን መልሶ እንዲያነብ አድርጎ «ልጄ፣ ለእርሱ ስትጽፍለት ያልነገርኸው ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።